የሌላ እጅ ያረፈባት መኪና

ከወልዲያ ወደ ወረታ የሚወጣው፣ የአገሬው ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው አውራ ጎዳና ጋሸናን አልፎ ፍላቂትን ሰንጥቆ ይሄዳል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት ይህ መንገድ ያላሳለፈው የመኪና ዓይነት የለም፤ ለዚህ ምዕራፍ የምትፈለገው ግን ቅጥቅጥ ናት። ቅጥቅጥን ፋብሪካ አውቶብስ አድርጎ አልሠራትም። የአይሱዙ ጭነት መኪና ሻንሲ ነበረች፤ አውቶብስ ያደረጓት አገር ቤት ያሉ ባትላሜራዎች ናቸው። ብረት በይደው አጥንት አወጡላት፣ ላሜራ ቀጥቅጠው አለበሷት፣ ወንበር ደረደሩባት፣ ጣሪያዋ ላይ ፖርቶ መጋላ ጫኑባት። እንግዲህ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንዷ ቅጥቅጥ ከአንድ ግቢ ጥግ ዝጋና ሣር በቅሎባት ተገኘች እንበል። የአሮጌ መኪና ፍቅር ያለበት ሰው ይገዛትና «ወደ ጥንተ መልኳ እመልሳታለሁ» ይላል። ጥንተ መልኳ የትኛው ነው? ጃፓኖች የነደፏት ጭነት መኪና ወይስ እኛ የቀጠቀጥናት አውቶብስ?

ጥያቄው ለቅጥቅጥ ሲሆን ቀልድ ይመስል ይሆናል። ባሕር ማዶ ግን ስንዝር በማይሞሉ የፕላስቲክ መኪኖች ላይ ይህንኑ ጥያቄ አንስተው የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። ሥራቸው ከሃምሳና ከስልሳ ዓመት በፊት ሌላ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅ፣ ገጣጥሞና እንደ ልቡ ለዋውጦ የሠራቸውን ሞዴል መኪኖች ማደስ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሞዴል መኪና ፍቅር ለላስታና ለመቄት ልጅ እንግዳ አይደለም። ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ የሚሸጥ ኪት አላየ ይሆናል እንጂ ሽቦ አጥፎ ሻንሲ፣ የሳርዲን ቆርቆሮ ቆርጦ ካቢና፣ ያለቀ ሲሊፐር ክብ አድርጎ ጎማ ማውጣት ማንም ሳያስተምረው ያውቅበታል። ረጅም ሽቦ መሪ ይሆናትና እየሮጠ ይነዳታል። በሜትር ተለክታ ባትሠራም ዓይነቷ አይጠፋም፤ ፊቷን ያየ ሁሉ «ኤንትሬ ናት» ወይም «አይሱዙ ናት» ብሎ ይለያታል። ታላቅ ወንድም ከብት ጥበቃውን ለታናሹ ሲያስረክብ መኪናዋም አብራ ትተላለፋለች። ጎማ ሲያልቅ ጎማ፣ ቆርቆሮ ሲበላ ቆርቆሮ እየተተካ ቆይቶ ከታላቅየው እጅ የወጣ ነገር አንድም አይቀርባትም። በዚህ የሚያዝን የለም፤ መጫወቻ ናትና ትሩጥ። የፕላስቲኳን ጉዳይ የተለየ የሚያደርገው መተኪያ የሌላት መሆኗ ነው። ለምን መተኪያ እንዳጣች ለመረዳት ዲትሮይት ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።

ኤኤምቲ የተባለው ኩባንያ በ1948 በዲትሮይት አካባቢ ሲቋቋም ደንበኞቹ ልጆች አልነበሩም፤ መኪና ሻጮች ነበሩ። ፎርድ የዓመቱን አዲስ መኪና ሲያወጣ ሻጩ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ ቀለሟ ከእውነተኛዋ የማይለይ፣ ሃያ አምስት ጊዜ ያነሰች ቅጂ ትፈለግ ነበር። አባት ቀለም ይመርጥባታል፤ ልጅ ይዟት ወደ ቤት ይሄዳል። ከእነዚያ ቀደምት ቅጂዎች ብዙዎቹ ሴሉሎስ አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ ስለተሠሩ ዕድሜ ሲጫናቸው ይኮማተራሉ። ዛሬ የሚገኙት አብዛኞቹ ጣሪያቸው የጎበጠ፣ ወገባቸው የተጣመመ ነው፤ ለዚህ በሽታ ደግሞ እስካሁን ፈውስ አልተገኘለትም። በኋላ የመጣው ፖሊስታይሪን ቅርጹን ይጠብቃል። ከዚህ በታች የማወራላችሁ መኪኖች ከእሱ የተሠሩት ናቸው።

በ1958 ኤኤምቲ ያችኑ መኪና ሳይገጣጥም በሳጥን መሸጥ ጀመረ። በሳጥኑ ውስጥ ሦስት ምርጫ ነበር፦ መኪናዋን ፋብሪካ እንዳወጣት አድርጎ መሥራት፣ ለውድድር ማዘጋጀት፣ ወይም በእኛ ጋራዦች ቋንቋ ሞዲፊክ ማድረግ። ዋጋው አንድ ዶላር ተኩል ገደማ ስለነበር ጋዜጣ አዳይ ልጅም አያቅተውም። ሬቬል፣ ሞኖግራምና ጆሃን የተባሉ ኩባንያዎችም በዚሁ ገበያ ይሻሙ ነበር። ኩባንያዎቹ የካሊፎርኒያ ጋራዦችን ይከታተላሉ፤ ኤኤምቲ እውነተኛ መኪና ቆራርጦ በመለወጥ ስሙ የገነነውን ጆርጅ ባሪስን አማካሪ አድርጎ እስከመያዝ ደርሷል። የሞዴል ሥራ የሰነፍ ጨዋታ ብቻ እንዳልነበረ ለማስረዳት ያህል፣ የጄኔራል ሞተርስ አካል የነበረው ፊሸር ቦዲ ከ1930 እስከ 1968 ለወጣቶች የሞዴል ሥራ ውድድር ያዘጋጅ ነበር፤ ሽልማቱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪ ነው። በእጁ በጠረባት ትንሽ መኪና ኮሌጅ የገባ ልጅ ነበረ ማለት ነው።

አሁን ወደ መተኪያው ነገር። ኪቱ የሚወጣው የቀለጠ ፕላስቲክ በብረት ሞልድ ውስጥ ተገፍቶ ነው። ሞልድ ማሠራት እጅግ ውድ ስለነበር፣ እውነተኛዋ መኪና በየዓመቱ ፓራውልቷና መብራቷ ሲለወጥ ኩባንያው አዲስ ሞልድ አያሠራም፤ ያለውን ይፍቀውና ለመጪው ዓመት ይጠቀምበታል። በዚህ የተነሳ ያለፈው ዓመት መኪና ሞልድ ከምድር ገጽ ይጠፋል። ኩባንያው ዛሬ ቢፈልግም ደግሞ ማተም አይችልም። የቀሩት በዚያን ጊዜ የተሸጡት ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም ሳጥናቸው ሳይከፈት የቆዩት በጣት የሚቆጠሩና ዋጋቸው የማይቀመስ ነው። ብዙዎቹ ተገጣጥመው፣ ተቀብተው፣ ተጫውቶባቸው፣ አንዳንዶቹም ርችት ታስሮባቸው ፈንድተዋል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ጫማ ሳጥን ውስጥ የተገኘ አንድ አካል ለአዳሹ ዕንቁ የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው። ሀብታም ሰብሳቢዎች ግን እንዲህ ያሉትን «የሙጫ ቦምብ» እያሉ ይሳለቁባቸዋል።

አዳሽ መጀመሪያ የሚያነሳው ካቻቢቴም ፒንሳም አይደለም። ቁጭ ብሎ ያያል፤ ፎቶግራፍ ያነሳል። የቀለሙን ድርብ ይቆጥራል፤ ከላይ ቀይ፣ ከሥሩ ወርቃማ፣ ከሥሩ የፕላስቲኩ የራሱ ነጭ። በሩ ላይ የጣት አሻራ ያያል፤ ልጁ ሙጫ በነካ እጁ ይዟት ነበር። ጣሪያው ዝቅ ብሎ ከሆነ መገጣጠሚያው በሴጌቶ የተቆረጠ ነው ወይስ በጋለ ቢላ? የኋላ መብራቶቹ ከዚያው ሳጥን ናቸው ወይስ ከሌላ መኪና ተነቅለው የመጡ? ይህ ሁሉ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ለመለየት ነው፤ ልጁ አስቦ ያደረገውን፣ እንዲሁም ሳያስበው የደረሰበትን። ጣሪያ መቁረጥ ውሳኔ ነው። የጣት አሻራ ግን አደጋ ነው። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ የእድሳት ሙያ ማለት ከዚህ መለየት የዘለለ ብዙ ነገር የለውም፤ የቀረው ትዕግሥትና ኬሚካል ነው።

ትዕግሥቱ መፍታት ላይ ይፈተናል። የሞዴል ሙጫ እንደ እንጨት ሙጫ በሁለት ነገሮች መካከል ተቀምጦ የሚይዝ አይደለም። ውስጡ ያለው ቶሉይን የተባለ ፈሳሽ የሁለቱን ፕላስቲኮች ፊት ያሟሟና አንድ ላይ ያዋህዳቸዋል፤ ፈሳሹ ሲተን ሁለቱ አንድ አካል ሆነው ይቀራሉ። ለባትላሜራ ሰው ሳልዳቱራ ነው ብንለው ይገባዋል። ስለዚህ በጉልበት የሚለያይ መገጣጠሚያ ሙጫው በተቀባበት አይለያይም፤ ጎኑ ካለው ስስ ቦታ ላይ ይሰበራል። አዳሾች የደረሱበት ዘዴ ብርድ ነው። መኪናዋን በላስቲክ ጠቅልለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሯታል። ያረጀ ሙጫ በብርድ ይበልጥ ስለሚሰባበር፣ በማግሥቱ ስስ ምላጭ በመገጣጠሚያው አስገብተው ቀስ እያሉ ሲጫኑት ጠቅ እያለ ይለቃል። የመቄት ውርጭ ለዚህ ቢበቃ ኖሮ ፍላቂት የሙያው መናገሻ በሆነች ነበር፤ የሚያስፈልገው ቅዝቃዜ ግን ከውርጭ ይብሳል። አንዱ ሌሊት ካልበቃ ሁለተኛ ይታደራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው የሚለቅመው የፓራፋንጎ ስብርባሪ ነው።

ስለ ሙጫው አንድ ነገር ላክል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ማስቲሽ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው የሚስቡ ልጆችን ያየ ሰው፣ የዚያን ዘመን የአሜሪካ ወላጆች ያደረባቸውን ፍርሃት አያጣውም። ቶሉይን አእምሮ ያደነዝዛል፤ በ1960ዎቹ ሙጫ መሳብ በዚያም የጋዜጦች አጀንዳ ነበር። በዚያ አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ቴስተርስ የተባለው ትልቁ የሙጫ ኩባንያ ሙጫው ውስጥ የሰናፍጭ ዘይት ጨመረ። አፍንጫ የሚሰነጥቀው ሽታ ለመሳብ የመጣውን አባረረ፤ ለመሥራት የመጣውም ልጅ እንባውን እየጠረገ ቀጠለ።

ቀጥሎ ቀለም ማስለቀቅ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ጋራዥ ልምድ አደገኛ ነው። ላሜራ ላይ ያለ ቀለም ሲለቀቅ የኖረው በቲነር ነው፤ ፖሊስታይሪን ላይ ቲነር ያፈሰሰ ሰው ግን ቀለሙን ሳይሆን መኪናዋን ያጣል። ቲነር፣ ቤንዚንና አሴቶን ሦስቱም ፕላስቲኩን ይበሉታል። አዳሹ ከለስላሳው ይጀምራል። መጀመሪያ አልኮል፤ አንዳንዱ ቀለም በአንድ ሌሊት ተላጦ ይወርዳል። ካልሆነ የፍሬን ዘይት፤ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ተነክራ ቀናት ትቆይና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትፈገፈጋለች። የፍሬን ዘይት ቀለሙን ሲያለሰልስ ፕላስቲኩን ባያሟሟውም፣ ብዙ ከቆየችበት ያረጀች መኪና ተሰባሪ ትሆናለች ብለው የሚሸሹት አዳሾች አሉ። እነሱ የሚመርጡት ለምድጃ ማጽጃ የሚሸጠውን፣ ኮስቲክ ሶዳ ያለበትን አረፋ ነው፤ እሱ ደግሞ ቆዳና ዓይን አይምርምና ጓንት ይፈልጋል። የትኛውም ቢመረጥ ሙከራው የሚደረገው በማይታይ ቦታ፣ ከወለሉ ሥር ነው። ልጁ የእውነተኛ መኪና ቀለም ነፍቶባት ከሆነ ግን አስለቃቂው ያሰበውን አያገኝም። ያ ቀለም ሲቀባ ፊቷን ነክሶት ስለነበር ከሥሩ የሚወጣው እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ፕላስቲክ ነው። እሱን ማለስለስ የሚቻለው በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው፤ ከሻካራው ወደ ደቃቁ እየተወረደ፣ ሳምንት ቢፈጅም።

የሚያብረቀርቁት ክፍሎች፣ ፓራውልቱና ቸርኬው፣ ክሮም ይባላሉ እንጂ ክሮም የለባቸውም። አየር በተመጠጠበት ሳጥን ውስጥ አሉሚኒየም ተኖ የሰፈረባቸው ፕላስቲክ ናቸው። ሽፋኑ እጅግ ስስ ከመሆኑ የተነሳ የቤት በረኪና ውስጥ ቢነከሩ በደቂቃዎች ውስጥ አልቆ ይጠፋል። አዳሹ አውቆ ያደርገዋል፤ ንጹሑን ክፍል ይጠግንና እንደገና ወደሚለብጡት ባለሙያዎች ይልካል። ጎማዎቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ለስላሳ እንዲሆኑ የተጨመረባቸው ዘይት መሰል ነገር ከዓመታት በኋላ ከጎማው እየወጣ የነካውን ፕላስቲክ ያቀልጣል። ቸርኬዎቿ በጎማዎቻቸው ዙሪያ ቀልጠው የተገኘች መኪና ብዙ ናት፤ ማንም አልነካትም፣ እሳትም አልደረሰባትም፤ ሳጥን ውስጥ እንደተቀመጠች የራሷ ጎማ በላት። ስለዚህ የታደሰች መኪና ጎማና ቸርኬ መካከል ስስ ፎይል ይደረጋል።

ወደ ዋናው ክርክር እንመለስ። መኪናዋ ተፈታች፣ ቀለሟ ለቀቀ፣ ታጠበች። አሁን የልጁ ስቱኮ ፊት ለፊት ወጣ። ኮፈኑ ላይ የነበረውን ጌጥ ፍቆ በስቱኮ ሞልቶታል፤ የኋላውን ጭራ ከሌላ መኪና ቆርጦ ቀጥሎበታል። የዘመኑ ስቱኮ ሲደርቅ ስለሚሸበሸብ ሥራው ተሰነጣጥቋል። አንደኛው ወገን «ሁሉንም አውጡት፤ መኪናዋ በ1959 ከፋብሪካ እንደወጣች ትመለስ» ይላል። ሌላው ወገን ስቱኮው ይታደስ እንጂ ሐሳቡ አይነካ ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ፋብሪካው ያወጣት መኪና በሺህ የሚቆጠሩ እኅቶች ነበሯት። ያ ልጅ የሠራት ግን አንዲት ናት፤ ሠሪዋም ያን ልብ ዳግም አያገኘውም። የተሰነጠቀው ስቱኮ ይውጣ፣ በማይሸበሸብ ስቱኮ ይተካ፣ ጭራው ግን እሱ ባስቀመጠበት ማዕዘን ይቀመጥ። ማዕዘኑ አያምርም ማለት ለእኔ ምክንያት አይሆነኝም። ለቅጥቅጧም መልሴ ይኸው ነው፤ አውቶብስ ሆና ትታደስ።

በእውነተኞቹ መኪኖች ዓለም ይህ ክርክር ከሞላ ጎደል ተዘግቷል፤ የዘጋችውም ፎርድ የሠራት አንዲት ሜርኩሪ ናት። ቦብ ሂሮሃታ የተባለ ወጣት የ1951 ሜርኩሪውን በ1952 ለባሪስ ወንድማማቾች ሰጣቸው። እነሱ ጣሪያዋን ቆርጠው አወረዱት፣ የበሮቿን መካከለኛ ምሰሶ አወጡት፣ በሁለት ዓይነት አረንጓዴ ቀቧት። ፎርድ ኩባንያ ቢያያት የራሱ ልጅ መሆኗን ይጠራጠር ነበር። ከእጅ ወደ እጅ ዞራ በ1959 ጂም ማክኒል የሚባል ጎረምሳ በ500 ዶላር ገዛት። ሰውየው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ሲያድሳት ወደ ፎርድ አልመለሳትም፤ ወደ ባሪስ መለሳት። በ2022 በጨረታ ስትሸጥ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ሳትነካ የቀረች የ1951 ሜርኩሪ ከዚያ ዋጋ አጠገብም አትደርስም። በዋጋ የሚያምን ሰው ካለ፣ ገበያው የሁለተኛውን ሠሪ እጅ ከመጀመሪያው አስበልጦ ፈርዷል።

ነገር ግን ከእኔ ወገን ያሉት ሰዎች የሚዘነጉት ሌላ ጎን አለ፤ እሱን ለማየት ከጋሸና ወደ ሰሜን ታጥፎ ላሊበላ መግባት ይበቃል። በ1966 ገደማ ኢጣሊያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ፣ ኒውዮርክ ላይ ገና በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የቅርሶች ፈንድ ስም ወደ ላሊበላ ሲመጣ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ያገኛቸው ከድንጋያቸው ጋር ብቻ አይደለም። ከእሱ በፊት የመጡ አዳሾች ውሃ እንዳይገባባቸው በማሰብ ግድግዳቸውን ሬንጅ መሰል ነገር ለቅልቀው፣ ከላዩም ቀይ ቀለም ቀብተዋቸው ነበር። ያደረጉት አስበው ነው፤ በጎ ሐሳብም ነበራቸው። በእኔ መስፈርት ውሳኔ ነውና ሊከበር ይገባው ነበር ያስብላል። አንጄሊኒና አብረውት የሠሩት ግን ሽፋኑን አነሱት፤ ልክም አደረጉ። የላሊበላ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የወለደው፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ነው። በስንጥቅ የገባበት ውሃ መውጫ ይፈልጋል፤ በሬንጅ የታሸገ ፊት መውጫውን ይዘጋዋል። ሽፋኑ ሊጠብቀው የመጣውን አካል ይጎዳል ማለት ነው። እንግዲህ መስፈርቴ አንድ ማሻሻያ ያስፈልገዋል፤ የቀደመው ሰው ውሳኔ የሚከበረው አካሉን እስካልበላ ድረስ ነው። የልጁ ቀለም ፕላስቲኩን እየነከሰ ከሆነ ይለቀቅ፤ የዘመኑ ጎማ ቸርኬውን እያቀለጠ ከሆነ ይነሳ። ቀለሙ አስቀያሚ በመሆኑ ብቻ ግን አይነካ።

እዚያው ላሊበላ የዚህ ተቃራኒም አለ። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል መጀመሪያ የተፈለፈለው ለቤተ ክርስቲያንነት ሳይሆን ለመኖሪያነት፣ ምናልባትም ለቤተ መንግሥትነት ሊሆን እንደሚችል ያጠኑት ባለሙያዎች ያመለክታሉ። አንድ ትውልድ የፈለፈለውን ሌላው መቅደስ አደረገው። የመጀመሪያው መልኩ ይመለስ ብሎ ታቦቱን ለማስወጣት የሚነሳ ጤነኛ ሰው የለም። አንጄሊኒ ላሊበላ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1964 ቬኒስ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያጸደቁት ቻርተርም የሚለው ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ በአንድ ቅርስ ላይ የየዘመኑ እጅ ያበረከተው ይከበር፤ ግምት በጀመረበት እድሳት ይቁም፤ አዲስ የተጨመረው ከአሮጌው ጋር ይስማማ እንጂ ከአሮጌው ጋር ተመሳስሎ አያታልል። ሞዴል አዳሾች ሰነዱን አንብበውት እንደሆነ እንጃ፤ ጥሩዎቹ ግን እንደ ደነገገው ይሠራሉ።

ከዚህ ጋር «የምትጨምረው ነገር ተመልሶ የሚነሳ ይሁን» የሚል ምክር አዳሾች ዘንድ በሰፊው ይሰማል። ለዚህ ነው መስታወቶቹን በሚያሟሟው ሙጫ የማያጣብቁት፤ ቶሉይን ሲነካቸው ደግሞ ይደፈርሳሉ። ውሃ የሚያስለቅቀው ነጭ ሙጫ ይበቃቸዋል፤ ነገ ሌላ አዳሽ ቢመጣ ያለ ምላጭ ያወጣቸዋል። ምክሩ መልካም ነው፤ የዋህነትም አለበት። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የቆሙት ግዙፍ መጠለያዎች ሲነደፉ ጊዜያዊና ተነቃይ እንዲሆኑ ታስበው ነበር። ተነቃይ መሆናቸው ክብደታቸውን አላቀለለውም፤ የከተማው ሰው ቅርሱ ላይ ይወድቁብናል የሚል ሥጋት አድሮበት በ2018 አደባባይ ወጣ። የሚነሳ ነገር ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ትንሿ መኪና ላይም ቢሆን «በኋላ ይነሳል» ተብሎ የተለጠፈ ቴፕ ከዓመታት በኋላ ሲላጥ ቀለሙን ይዞ ይወጣል።

የጎደለ ክፍል የሚሟላው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሊድን የማይችል ሌላ መኪና ገዝቶ ማራገፍ፤ የመርካቶ ሶማሌ ተራ ነጋዴ ሲያደርገው የሚውለው ሥራ ነው። ይህ ቀላልና ሐቀኛ ነው፤ መኪናዎቹ ግን እየተመናመኑ ነው። ሁለተኛው ቀድቶ ማውጣት ነው። ከጓደኛ ጤነኛ ፓራውልት ይዋሳሉ፤ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ሲሊኮን ያፈሱበታል፤ ሲረጋ ፓራውልቱን አውጥተው በባዶው ቦታ ሁለት ፈሳሽ የተቀላቀለበት ሬዚን ይሞላሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቅና ዋናውን የመሰለ ክፍል ይወጣል። ሲቀባ ባለሙያም በዓይኑ ላይለየው ይችላል። ችግሩ እዚህ ጋ ይጀምራል፤ በሬዚን የተሟላች መኪና ሁለት ሦስት እጅ ካለፈች በኋላ ሙሉ በሙሉ የ1959 ዕቃ ናት ተብላ ትሸጣለች። ስለዚህ ጥንቁቅ አዳሽ የቀዳውን ክፍል በማይታየው ፊቱ ላይ በመርፌ ምልክት ያደርግበታል፤ ያወጣውን የተሰነጠቀ ስቱኮና የተሰበረ ቁራጭ በፖስታ አድርጎ፣ ምን እንደነካና በምን እንደተካ በወረቀት ጽፎ ከሻንሲው ጋር ያስቀምጣል። ስትሸጥም ፖስታው አብሯት ይሄዳል። ያለ ፖስታ የመጣችን መኪና ልምድ ያላቸው ገዢዎች ገልብጠው ሥሯን በፋኖስ ያያሉ፤ የፖሊስታይሪንንና የሬዚንን ልዩነት በጣታቸው ያውቁታልና፣ ዋጋ የሚነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው።